ከመሪው ጎን ያለው ወንበር

ሐሙስ፣ ኅዳር 5

ዛሬ የደረሰብኝን ለሰው ባወራው ወሩን ሙሉ መሳቂያ ስለምሆን እዚሁ ልተንፍሰው። ነዳጅ ማደያው ጥግ፣ ንፋስ መሙያው አጠገብ፣ ለሠርግ ያሰፋሁትን አባያ ለብሼ ተንበርክኬያለሁ። አፍንጫዬ ጎማው ላይ ሊለጠፍ ምንም አልቀረው። «ሠላሳ ሁለት! ሠላሳ ሦስት! በቃ በቃ!» እያልኩ እጮሃለሁ። ይሄኔ ከጀርባዬ የሴት ድምፅ፣ «ይቅርታ፣ መጽሔቱ ላይ ‹ሞዛ ካየችው› የሚለውን ዓምድ የሚጽፉት እርስዎ አይደሉም?» አለኝ። ደንግጬ ልነሳ ስል የአባያዬን ጫፍ በራሴ ጉልበት ረግጬው ኖሮ ተመልሼ ዘጭ አልኩ።

«ነኝ እህቴ። ለሚቀጥለው እትም ጥናት እያደረግኩ ነው» አልኳት፣ መሬት ላይ እንደተዘረፈጥኩ።

ሴትዮዋ ስልኳን አውጥታ አብራኝ ፎቶ ተነሳች። እኔ፣ እሷና የኋላ ጎማ።

ባሌ ኸልፋን የንፋሱን ቱቦ እንደያዘ በሳቅ ሊሞት ደረሰ። «ጥናትሽ የት ደረሰ፣ የአፍራ እናት?» ይለኛል። ይሄን ሁሉ ዓመት በትዳር ስንኖር የጎማ ንፋስ ሳነብለት የመጀመሪያዬ ነው። መነጽሩን ቤት ረስቶት ነው።

ማታ ነጩን ረጅም ቀሚሱን፣ ካንዱራውን፣ ላጥብ ኪሱን ስፈትሽ መነጽሩ እዚያው ኪሱ ውስጥ ነበር። ኪሱ ውስጥ እንዳለ ረስቷል ማለት ነው። ሰው ይረሳል።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 7

ግቢያችን የጎሚስታ ቤት መስሏል። ስኮርታው አንድ ጥግ፣ ክሪኩ አንድ ጥግ፣ አካፋው፣ መጎተቻው ገመድ፣ የራዲያተር ውሃ መያዣው። ላንድክሩዘሩ ኮፈኑን ከፍቶ ቆሟል። ኸልፋን ከሱብሂ ሶላት ጀምሮ ከውስጡ አልወጣም። የብርዱ ወራት ሲገባ እንዲህ ነው፤ ከመኪናው ጋር ይጋባል።

በየዓመቱ ዘመድና ጎረቤት ተሰብስበን፣ አሸዋውን አቋርጠን፣ አባቱ ወደቆፈሩት ጉድጓድ እንሄዳለን። አባቱ ሰውን በግመል መርተው ያሻገሩበት መንገድ ነው፤ የመሪነቱን ባንዲራ ሳይሞቱ በእጃቸው ሰጡት። ሕጉ እንደ ድሮው ነው። መሪውን ማንም አያልፍም። መሪው የአሸዋው ኮረብታ አናት ላይ የመኪናውን አፍንጫ አውጥቶ ይቆማል፣ ማዶው ቁልቁለት ይሁን ገደል ያያል፣ በሬዲዮ «ውረዱ» ይላል። ካላለ ማንም አይወጣም። ካለ ደግሞ ማንም አይጠይቅም። አናት ላይ ሲደረስ በሰልፉ ሬዲዮ ከመሪው በቀር የሚናገር የለም፤ ነውር ነው።

ዘንድሮ ለመኪናው ሁሉ አዲስ ባንዲራ ገዝቷል። ደማቅ ቀይ፣ ስፋቱ ደግሞ ጉድ የሚያሰኝ። የድሮው ብርቱካንማ ደብዝዟል አለ። ጎረቤታችን ሙሰለም፣ ሁልጊዜ ከሰልፉ መጨረሻ ሆኖ የተቀበረ መኪና የሚያወጣው፣ ባንዲራውን ዘርግቶ አየና፣

«ኸልፋን ወንድሜ፣ ይሄን መኪናው ላይ ልስቀለው ወይስ አልጋዬ ላይ ላንጥፈው?»

«ጅራት ስለሆንክ ከሩቅ እንድትታይ ብዬ ነው።»

«እኔን ለማየት ባንዲራ አያስፈልግም፤ ሚስቴ ስትጮህብኝ መስማት ይበቃል!»

ኸልፋን ከት ብሎ ሳቀ። ደስ አለኝ። ሰሞኑን ብዙም አይስቅም።

ሰኞ፣ ኅዳር 9

የመጽሔቱ አዘጋጅ ሪም ሁለቴ ደወለች። ጽሑፉ የታለ? ስለ ሙሽራዋና ስለ ተሰረቀው ሽቶ ጀምሬዋለሁ። ጨርሼ ልላክላት። የልጅ ልጄ የገይዝ ክትባት ነገ። ኸልፋን በረንዳው ደረጃ ላይ ጉልበቱን ተጋጨ። ደረጃው እኮ የቆየ ነው፤ ጠርዙ ተበልቷል። ሲሚንቶ የሚያስገባበት ሰው ልጥራ።

ዓርብ፣ ኅዳር 13

የሙሰለም ሚስት ሰላማ ሉቀይማት፣ ያን ድቡልቡል ጣፋጭ፣ ይዛ መጣች። ሰላማ ሉቀይማት ይዛ ከመጣች ወሬም ይዛለች ማለት ነው፤ ያለ ወሬ ዱቄት አታቦካም።

«ሞዛ፣ ባልሽ ተቀይሞናል እንዴ?»

«ኧረ በምን ምክንያት?»

«መስጊዱ በር ላይ እጄን እያወዛወዝኩ ሰላም ብለው ዝም ብሎኝ አለፈ። ሙሰለምን ደግሞ ‹ሱሄይል፣ ልጄ› አለው። የልጅሽ ባል ሱሄይል ሸንቃጣ ነው፤ የኔን ባል ደግሞ ታውቂዋለሽ፣ በር የሚዘጋ ነው!»

«ሐሳብ ይዞት ነው። የጉዞው ሰሞን እንዲህ ይሆናል።»

«እንዲያ ከሆነ ይሁን» አለችና ሉቀይማቱን ወደኔ ገፋ አደረገችው። ዓይኗ ግን ፊቴ ላይ ቀረ።

ኮራ ቢሉት ይሻላል። ኩራት አያስነቅፍም። እኔ የሰው ሚስጥር በየሳምንቱ በመጽሔት የምዘራ ሴት፣ ሉቀይማቱን እየጎረስኩ ወሬ ቀየርኩባት።

ለነገሩ የሚወራ ነገርም የለም።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 21

ዛሬ ደስ ብሎኝ ነው የምጽፈው! ለልምምድ ወደ አሸዋው ልንወጣ ስንል ኸልፋን የፊቱን በር ከፈተና «አንቺ ዛሬ ከኔ ጋ ነሽ» አለኝ። ሴቶቹ ሁሌም የምንሄደው በሰላማ መኪና ነው፤ ስንበላና ስናማ። ከመሪው ጎን የተቀመጥኩት ሙሽራ ሳለሁ ነበር። ሰላማ በመስኮት አንገቷን አውጥታ «ምነው፣ ጫጉላ ነው እንዴ?» አለች። አሳፈረችኝ፤ ግን ደስ አለኝ።

አሸዋው ጠርዝ ላይ ሁሉም ወርዶ የጎማውን ንፋስ ያስተነፍሳል። ያ የብዙ ጎማ ሲስስስ የሚል ድምፅ ሲጀምር የብርዱ ወራት ገባ እላለሁ። ኸልፋን መለኪያውን አልተጠቀመም። ጆሮውን ወደ ጎማው ዘንበል አድርጎ አዳመጠ፣ ሲበቃው ዘጋ። ሱሄይል በመለኪያ አረጋገጠው፤ ልክ ነበር። ሙሰለም «ይሄ ሰውዬ በጆሮው ያነባል!» አለ።

የወጣነው ገና ፀሐይ ብቅ ስትል ነው። ዘንድሮ በማለዳ ካልሆነ አልነዳም ብሏል። ጥላው ረጅም ሲሆን አሸዋው ቅርፁን ያሳያል ይላል፤ እውነቱን ነው፣ ሁሌም የሚባል ነገር ነው። እየነዳ ጨዋታ አመጣልኝ።

«እስቲ የዓምድ ጸሐፊዋ፣ ምን ይታይሻል?»

«ግራው ጠቆር ያለ ነው። ቀኙ ያበራል።»

«አናቱስ? ስል ነው ወይስ ዱልዱም?»

«ስል ነው። እንደ ቢላ።»

«ጎበዝ!» ይልና መሪውን ይጠመዝዛል። እኔ ሹክ እላለሁ፣ እሱ በሬዲዮ «ውረዱ» ይላል። ስንመለስ «ካንቺ ጋር መንዳት ይጥማል» አለኝ። ማታ ሩዙን ሳማስል እንኳ ፈገግ እያልኩ ነበር።

ረቡዕ፣ ኅዳር 25

ሻይ ሲቀዳ ጣቱን ብርጭቆው ጠርዝ ላይ ያሳርፋል። ሙቀቱን ሊለካ ነው። ድሮም እንዲህ ያደርግ ነበር?

ገይዝን አቅፎ አውራ ጣቱን በልጁ ግንባር፣ በአፍንጫው፣ በከንፈሩ ላይ ቀስ አድርጎ ይሄድበታል። ልጁ ይኮረኮርና ይንፈራፈራል። አፍራ «አባዬ፣ ልጄን ልታሟሟው ነው!» አለችው። እንዲህ የሚወድ አያት አላየሁም።

እሑድ፣ ኅዳር 29

የዓይን ሐኪም ቀጠሮ ያዝኩለት። ለመነጽሩ ብቻ፤ ሌላ ምንም አላልኩም። ሲሰማ ቁጣ አይሉት ሳቅ የሆነ ድምፅ አወጣ።

«ዓይኔ ምን ሆነ?»

«ምንም አልሆነም። ግን መነጽርህ የቆየ ነው።»

«አሸዋ ነው ሞዛ። ዕድሜ ልክ አሸዋ የገባበት ዓይን ትንሽ ይቀላል። ከጉዞው በኋላ እንሄዳለን።»

«ከጉዞው በኋላ» አልኩ እኔም።

ቀጠሮውን ስሰርዝ ስልኩን ያነሳችው ልጅ ምክንያቱን ጠየቀችኝ። ሥራ በዝቶበት ነው አልኳት። ቀለል አለኝ። ቀለል ያለኝ ነገር እያመሸ ደግሞ ከበደኝ።

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 5

ደህና ነን። ሁሉም ሰው ደህና ነው። አፍራ ደህና ናት። ማታ እጽፈዋለሁ።

ማታ

አሁን ቁጭ ብዬ ልጻፈው።

ለልምምድ ሦስት መኪና ሆነን ወጣን፤ እኛ፣ ከኋላችን ሱሄይልና አፍራ፣ ከዚያ ሙሰለም። ገይዝ ቤት ከሞግዚቱ ጋር ነበር፤ አልሐምዱሊላህ። አንድ ትልቅ አሸዋ እየወጣን ሳለ የፔርሙዙ ክዳን እግሬ ስር ተንከባለለ። ጎንበስ ብዬ ፈለግኩት። ለክዳን! ቀና ስል ፊት ለፊቴ ሰማይ ብቻ ነው። ከዚያ አፍንጫችን ወደ ታች ተደፋ። ኸልፋን አናቱ ላይ አልቆመም። አልፎት ሄደ። ከታች ስንደርስ ፓራውልቱ ተገንጥሎ አሸዋ ውስጥ ተቀበረ፣ የፊት መስታወቱን አሸዋ ሸፈነው።

ከሁሉ የባሰው ግን ጭልጥ ብለን ስንወርድ «ውረዱ» ብሎ ነበር። ከልማድ አፉ ላይ ያለ ቃል ነው። ሱሄይልም እንደ ደንቡ ወጣ። አናቱ ላይ ሲደርስ ከታች እኛን አየና መሪውን ሰበረው፤ መኪናው በጎኑ ጠርዙ ላይ ተንጠልጥሎ ቆመ። አፍራ በእኛ በኩል ነበረች። ከታች ሆኜ ፊቷን አየሁት።

ኸልፋን «ፀሐይዋ ዓይኔ ገባች» አለ። ፀሐይ ከጀርባችን ነበረች። ሙሰለም ገመዱን እየፈታ፣ «ፀሐይ ዘንድሮ ክፉ ናት» አለ።

ጥፋቱ የኔ ነው። ጎንበስ ባልል ኖሮ።

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 7

ፓራውልቱን ወስደው እያቃኑት ነው። ኸልፋን ጋራዡ ውስጥ ቆሞ መኪናውን በእጁ ይዳብሳል፤ ጭረቱን አንድ በአንድ በጣቱ እየፈለገ። ድንኳኑን አስፈትሿል፣ ኮምፕሬሰሩን አሠርቷል፣ የአየር ማጣሪያውን አራግፏል። እንዲህ ተዘጋጅቶ የሚያውቅ አይመስለኝም። የቀረ ነገር የለም፤ ሁሉ ሙሉ ነው።

ሱሄይል ፓራውልቱን አድርሶ ወጥ ቤት ገባ። አማቶቹን በአክብሮት አጎቴና አክስቴ ነው የሚለን። ውሃ ጠጣ። ብርጭቆውን እያሽከረከረ ቆየ።

«አክስቴ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ?»

«ጠይቀኝ ልጄ።»

«አጎቴ አንዳንዴ ሬዲዮውን ሲይዙ አውራ ጣታቸው ቁልፉ ላይ ይቀራል። ‹ግራው ጠቆር ያለ ነው› የሚል የሴት ድምፅ እሰማለሁ።»

«ሬዲዮው ነዋ። የሌላ ሰልፍ ድምፅ ይጠልፋል።»

«እሺ አክስቴ።» ብርጭቆውን አጠበና ቦታው ላይ መለሰ። በር ላይ ደርሶ ዞር አለ። «ዘንድሮ ገይዝን እናቴ ጋ ብንተወው ይሻል ይሆን?»

አፍራ ከሳሎን ሰምታው ኖሯል። «ምን አልክ? ልጄ የቅድመ አያቱን ጉድጓድ በመጀመሪያ ዓመቱ ሳያይ? አባቴ እየመራ ምን ያስፈራሃል?»

ሱሄይል እኔን አየኝ። እኔ ሩዙን አማሰልኩ። የሩዙ ውሃ ገና አልፈላም ነበር።

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 12

ልነግረው ሄድኩ። ጋራዥ ገባሁ። ምን እንደምል ሌሊቱን በልቤ አዘጋጅቼው ነበር፤ እንደ ዓምዴ፣ መግቢያው ለስላሳ፣ መጨረሻው ጠንካራ።

«ኸልፋን፣ ዘንድሮ ሱሄይል ከፊት ቢሆን...»

እጁ ላይ የአባቱ የባንዲራ ዘንግ ነበር። በጨርቅ እየወለወለው ነው። አላቋረጠም።

«አባቴ መጨረሻ ላይ መራመድ አቅቷቸው ግመል ላይ አስረናቸው ነበር፤ ታስታውሻለሽ?»

«አስታውሳለሁ።»

«ከፊት ነበሩ። እንደታሰሩ።» ከዚያ ወደኔ ዞረ። ወደኔ ማለቴ ድምፄ ወዳለበት፤ ዓይኑ ጆሮዬ አካባቢ አረፈ። «ትመጫለሽ አይደል? ከጎኔ?»

«እመጣለሁ።»

ይሄው ነው። ያን ሁሉ አዘጋጅቼ «እመጣለሁ»። ገይዝ በሁለተኛው መኪና ይሆናል። ዱካችንን ተከትሎ። እኔ ክዳን አልፈልግም፣ ሻይ አልቀዳም፣ ዓይኔን አልጨፍንም። ማድረግ የምችለው ይሄንን ነው።

ዓርብ፣ ታኅሣሥ 18

ተጭኗል። ውሃ፣ ተምር፣ ሥጋው በረዶ ውስጥ። ገመድ ሁለት። ሬዲዮ ተሞክሯል። ሰላማ በጠዋቱ ከኛ ጋር ካልሄድሽ ብላ ለመነችኝ፤ እምቢ አልኳት። ለረጅም ጊዜ እጄን ይዛ ቆመች። «እሺ፤ እኛ ከኋላ ነን» አለችኝ። ሁሌም ከኋላ ናቸው፤ ምን አዲስ ነገር አለው።

እሑድ፣ ታኅሣሥ 20

ትናንት ጠዋት ሁሉ ነገር ደህና ነበር። ከጥላው ጋር ሄድን። እኔ እያየሁ፣ እሱ እየነዳ። አናቱ ላይ እንቆማለን፣ «ውረዱ» ይላል፣ ማዶ ወርደን እንጠብቃቸዋለን። ግን ሰልፉ ዘገየ። እያንዳንዱ አሸዋ ላይ እኛ ወርደን፣ ቆመን፣ ቆመን፣ ቀዩ ባንዲራ ከአናቱ ብቅ የሚለው ስንት ቆይቶ ነው። ኸልፋን ተናደደ። «ምን ያንቀረፍፋቸዋል? ገና ጎማቸውን ሲያስተነፍሱ ነው?» ይላል።

ከቀትር በኋላ ንፋስ ተነሳ። ኃይለኛ አልነበረም፤ ግን ብናኙ ሰማዩን ሸፈነው፣ ፀሐይዋም ጠፋች። ጥላ የለም። ሰማዩም አሸዋውም አንድ ዓይነት ወተት ሆነ። ከጉድጓዱ በፊት ያለው ትልቁ አሸዋ ላይ እየወጣን ነበር። ሞተሩ እየጮኸ፣ ወንበሩ እየናጠን።

«እ፣ የዓምድ ጸሐፊዋ? ምን ይታይሻል?»

አላየሁም። አየሁ ብዬ ለማለት አፌን ከፈትኩ። ግራ የት እንዳለ፣ አናቱ የት እንዳለ፣ ደርሰንበት ይሁን ገና ይሁን ምንም አላየሁም።

«ሞዛ?»

ነዳጁን አልለቀቀም። ከኋላ ገይዝ እንዳለ አሰብኩ፤ ወንበሩ ላይ ታስሮ፣ ያቺን ቢጫ ኮፍያውን አድርጎ። ሬዲዮውን ከእጁ ነጠቅኩት።

«ቁም! ኸልፋን ቁም!» ቁልፉን ተጫንኩ። «ማንም እንዳይወጣ። ሁላችሁም ቁሙ። ኸልፋን አያይም። እኔም አላይም። አያይም፤ ከቆየ ነው።»

ፍሬን ያዘ። መኪናው ጥቂት ተንሸራቶ ቆመ። አሸዋው መስታወቱን እየመታ ከማለፉ በቀር ድምፅ የለም። በመሪው ሬዲዮ የተናገርኩ የመጀመሪያዋ ሴት ሳልሆን አልቀርም፤ የተናገርኩትም ይሄንን ነው።

ከዚያ የሙሰለም ድምፅ መጣ፤ ቀልድ የሌለበት ድምፁን አላውቀውም ነበር።

«ሰምተናል፣ የአፍራ እናት። ቆመናል።» ቀጥሎም፣ «ከጠዋት ጀምሮ ቆመናል» አለ።

ዞር አልኩ። ቀያዮቹ ባንዲራዎች ከታች፣ ከአሸዋው ግርጌ፣ ተደርድረው ቆመዋል። ሞተራቸው ጠፍቷል። ሱሄይል ካንዱራውን ወገቡ ላይ ሸብቦ በባዶ እግሩ ሽቅብ እየሮጠ ነበር። አልፎን ሄደና ቆመ፤ በእግሩ ጠርዙን ፈለገ፤ ወደኛ ዞሮ ሁለት እጁን ዘረጋ። ገደሉ ከፊታችን የመኪና ርዝመት ያህል ነበር።

ሱሄይል እያለከለከ ነገረን፤ ጠዋት ሁሉ እንዲህ ሲያደርግ ውሏል። እኛ ማዶ ወርደን ስንጠብቅ እሱ አናቱን በእግሩ እየወጣ፣ እያየ፣ ከዚያ ነው ሌሎቹን የሚጠራቸው። ሁሉም ያውቃሉ። ሰላማ ታውቃለች። አፍራ ሳትቀር ታውቃለች፤ ያን ቀን ጠርዙ ላይ ተንጠልጥላ አውቃለች። ገይዝ ከጠዋት ጀምሮ በሙሰለም መኪና ነበር፣ ከሁሉ ኋላ። አባቷን ላለማሳፈር ብላ ነው ያን ቀን ከሳሎን ወጥ ቤት ድረስ የጮኸችው። እኔ ከእነሱ ስደብቅ እነሱ ከኔ ሲደብቁ።

ኸልፋን ሁሉንም ሰማ። መሪውን ለቀቀ። ከዚያ እጁን ዘረጋ፤ ሬዲዮውን መዳፉ ላይ አኖርኩለት።

«ሱሄይል።»

«አቤት አጎቴ» አለ ሱሄይል፤ መስኮቱ አጠገብ ደርሷል፣ ሬዲዮ አያስፈልግም ነበር። ኸልፋን ግን ሁሉም እንዲሰማ በሬዲዮው ተናገረ።

«መኪናህን አምጣና እለፈኝ።»

ሱሄይል ከቦታው አልተነቃነቀም። በዚህ ቤተሰብ ይሄ ቃል ተብሎ አያውቅም።

«እለፈኝ ብያለሁ፣ ልጄ።»

የሱሄይል መኪና ቀስ ብሎ በግራችን ወጣ። ኸልፋን አንገቱን ዘንበል አድርጎ አዳመጠ። «የኋላ ግራው ንፋስ በዝቶበታል» አለ። «ንገሪው።»

ነገርኩት። ልክ ነበር።

ከዚያ በሩን ከፈተ፣ ኮፈኑን እየተደገፈ በፊት በኩል ዞረና በኔ በኩል መጣ። ምንም ሳይል ቆሞ ጠበቀኝ። ገባኝ። ወደ መሪው ተንሸራተትኩ፤ እሱ ከጎን ተቀመጠ። ከተማ ውስጥ ልብስ ሰፊ ቤትና ገበያ ከመሄድ ሌላ ነድቼ አላውቅም። «የሱሄይልን ዱካ አትልቀቂ» አለኝ። ከዚያ ዓይኑን ጨፍኖ ሞተሩን ያዳምጣል። «ስጪው... ስጪው... አሁን ልቀቂ።» አንዴ ተቀበርኩ። ሙሰለም በሬዲዮ «ጅራቱ እየመጣ ነው» አለ። ማንም አልሳቀም።

ጉድጓዱ ጋ ደረስን። ድንኳን ተተከለ፣ ሥጋው ተበሰለ። ሰው ሁሉ ስለ ሌላ ነገር ያወራል፤ ስለ ንፋሱ፣ ስለ አንድ የሞተ ግመል፣ ስለ ሰላማ ልጅ ሠርግ። ምርጡን ሥጋ እየመረጡ እጁ ላይ ያኖሩለታል። ከዚህ በፊት ከትሪው ራሱ ነበር የሚያነሳው። ያ ደግነታቸው ነው የገደለኝ።

ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 23

አያናግረኝም። አይቆጣኝም፣ አያናግረኝም። የአባቱን ዘንግ ከመኪናው ላይ ፈትቶ ሱሄይል ቤት በር ላይ አስደግፎት መጣ፤ በእግሩ፣ አጥሩን በእጁ እየዳሰሰ። ላደርሰው ተነስቼ ነበር፤ በእጁ ምልክት አስቀመጠኝ።

ሪም የጉዞውን ጽሑፍ ትፈልጋለች። አንባቢ ይወደዋል፣ ፎቶም ጨምሪበት አለችኝ። ስለ ሙሽሮች ጥርስ ማንጫ ጻፍኩላት። ‹ሞዛ ካየችው› የሚለውን ርዕስ ሳይ ደነገጥኩ።

በሬዲዮ ባልለው ኖሮስ? ከመኪናው ባወርደው፣ በጆሮው ብነግረው? አስር ጊዜ አሰብኩት። ጊዜ አልነበረኝም። ጊዜ ግን ኅዳር ሙሉ ነበረኝ።

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 26

ዛሬ ጠዋት ከግቢው የኮምፕሬሰሩ ድምፅ መጣ። ከአሸዋ ስንመለስ እንደነገሩ የሞላነውን የጎማውን ንፋስ ለአስፋልት እያስተካከለ ነው፤ ሳምንቱን ሙሉ መኪናው ጎማው እንደሟሸሸ ቆሞ ነበር። መጋረጃው ጀርባ ሆኜ አየሁት። አንዱን ጎማ ሞላ። ሁለተኛው ላይ ሲደርስ ቆመ። መለኪያውን እጁ ላይ አገላበጠው።

«ሞዛ» ብሎ ጠራኝ። «ነይ አንብቢልኝ።»

መነጽሬን ረሳሁ አላለም። ዛሬ ምንም አላለም።

ወጥቼ ተንበረከክኩ። ሃያ ስምንት። ሠላሳ። ሠላሳ ሦስት። ሠላሳ አምስት፣ በቃ። ወደሚቀጥለው። በአራቱም ጎማዎች ሌላ ቃል አልተነጋገርንም። ቱቦውን ሲጠቀልል ከጎኔ አሸዋው ላይ ቁጭ አለ።

«ገይዝ ማንን ይመስላል?»

ልጁ ከተወለደ ስምንት ወር ሊሞላው ነው።

«አንተን» አልኩት።

«እንዳትዋሺኝ።»

«ግንባሩ ያንተ ነው። አፍንጫው ግን የሱሄይል ነው፤ ረዘም ያለ። ሲስቅ ግራ ጉንጩ ላይ ብቻ ትንሽ ስርጉድ ትወጣለች። ቅንድቡ ገና አልጠቆረም።»

እየሰማ አውራ ጣቱን በሌላው መዳፉ ላይ ቀስ አድርጎ ያንቀሳቅስ ነበር፤ ግንባሩ፣ አፍንጫው፣ ጉንጩ ጋ ሲደርስ ቆመ። «የግራው?»

«የግራው።»

ራሱን ነቀነቀ። የዓይን ሐኪሙን ቀጠሮ ለሰኞ ጠዋት መልሼ እንደያዝኩት ነገርኩት። አልተቆጣም። «አንቺ ንጂ» አለኝ፣ «ግን ማርሹን ስትቀይሪ አታንኳኪው፣ ጆሮዬን ያመኛል።»

ሰኞ ሐኪሙ ምን እንደሚለን አላውቅም። ማዳን ይቻላል ቢል፣ ዘግይታችኋል ቢል፣ ዘግይታችኋል ሲል ዓይኑ ወደኔ ቢዞርም፣ ሰኞ ማታ እዚህ ተቀምጬ ያለውን እንዳለው እጽፈዋለሁ።